ኮሊን በሾርባ ማንኪያ

ኮሊን ከሚባለው ቫይታሚን ቢጤ ከአራቱ ዓይነቶች የሆዮን አእምሮ የረዳው የትኛው ነበር? ወይስ አንዱም አልረዳም? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። የምሠራበት መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ፊት ቆመው፣ ሁለት ጠርሙስ በሁለት እጃቸው ይዘው "ለእናቴ የቱን ልውሰድ?" የሚሉኝ ሰዎች አሁንም አሉ። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ስንት ኮሊን እንዳለ፣ ከምን ጋር ተያይዞ እንደተሠራ፣ የትኛው ሆድ እንደሚረብሽ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ። የትኛው ለማስታወስ ይበጃል ሲሉኝ ግን ከቅርብ ያየሁት አንዲት ሴት ብቻ ነው፤ በአንዲት ሴት ደግሞ አይፈረድም።

ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲያ ስለሚጠራቸው እኔም እንዲያው ጠራኋቸው። ሶማሊኛ አንቺንና እርስዎን አይለይም፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምላቸው። ከጦርነቱ በፊት ሀርጌሳ ውስጥ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ከተማዋ ስትፈርስ ድሬዳዋ ተሰደው አምስት ልጆች አሳደጉ። ሰላም ሲሆን አራቱ በየአገሩ ተበተኑ፤ እርሳቸው ከአምስተኛው ጋር ተመልሰው 26 ጁን ሰፈር የፈረሰ ቤታቸውን እንደገና አሠሩ። እኔ ስቀጠር አንደኛው ክፍል ገና ጣሪያ አልነበረውም። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር። ከግራም ከቀኝም ድንጋይ ሲጠረብ ይሰማል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚዋሰው ጨውና ሽንኩርት ሳይሆን አካፋና መሰላል ነበር።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአስራ አራት ዓመቴ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ነው፤ ጉልበቴ ዴስኩ ስር አይገባም ነበር። ሰባተኛን ሳልጨርስ ሥራ ፍለጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል ተሻገርኩ። ጠዋት ሆዮን እንከባከባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሴቶች የተከፈተ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ሒሳብ እማራለሁ፤ ከዚያ በሚኒባስ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ወርጄ አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸው መድኃኒት ቤት ውስጥ መደርደሪያ እወለውላለሁ። ልጃቸው ፋርማሲስት ነው፤ ከተማው ግን ዶክተር ነው የሚለው፤ እኔም ዶክተር እለዋለሁ። ያደገው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። የማነበው መጽሐፍ ስላልነበረኝ የማነበው የመድኃኒት ወረቀት ነበር። ስወለውል አነባለሁ፤ ያልገባኝን ቃል በደብተሬ ገልብጬ በማግስቱ አስተማሪዬን እጠይቃለሁ።

"አቦ፣ አንቺ መደርደሪያ ነው የምትወለውይው ወይስ ቁርአን አንብበሽ ነው የምታኸትሚው?" ይለኛል ዶክተር።

ሆዮ መርሳት ጀምረው ነበር። አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ስኳሩን ጨው ዕቃ ውስጥ ይጨምራሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ወሬው ውጭ አገር ደረሰ፤ ልጆቻቸውም ሰው በመጣ ቁጥር በሻንጣ ጠርሙስ መላክ ጀመሩ። ሁሉም ለአእምሮ ነው የተባለ ኮሊን ነው፤ ግን አራቱ አራት ዓይነት። የለንደኗ ሲቲኮሊን ላከች፣ ትንንሽ ነጭ ካፕሱል። የካናዳዋ ሌሲቲን፣ የተምር ፍሬ የሚያክል ቢጫ የዘይት ካፕሱል። የአሜሪካው አልፋ ጂፒሲ። የዱባዩ ደግሞ ኮሊን ቢታርትሬት የሚባል ነጭ ዱቄት በትልልቅ የፕላስቲክ ማሰሮ ላከ፤ አንድ ሳይሆን ሦስት ማሰሮ።

ዓርብ ዓርብ ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል።

"የካናዳዋ የላከችው እኮ የአኩሪ አተር ዘይት ነው" ትላለች የለንደኗ።

"ያንቺ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፤ የእኔ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይላል። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?" ትመልሳለች የካናዳዋ።

"የእኔ ገና በኪሎ ነው" ይላል የዱባዩ። እርሱ ነጋዴ ነው።

ከአራቱ አንዱን መርጦ መስጠት የሚቻል ነገር አልነበረም። ጠርሙሱን ያመጣው መንገደኛ ለሰላምታ ወደ ቤት ይመጣል፤ ሻይ እየጠጣ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው። የአንዱ ልጅ ጠርሙስ ሳይከፈት ካየ ሲመለስ ይናገራል፤ ከዚያ በዓርቡ ስልክ ልቅሶ ነው። ስለዚህ ዶክተር "የሁሉንም ትውሰድ፣ ማንም እንዳይከፋው። ካፕሱሉን አንዳንድ፣ ዱቄቱን አንድ ማንኪያ በጁስ" አለኝ። ቫይታሚን ቢጤ ስለሆነ አይጎዳም ብሎ ነው። እኔም የተባልኩትን የማላጓድል ሰው ነኝና አላጓደልኩም። በየማለዳው ሦስት ካፕሱል፣ አንድ ማንኪያ ዱቄት በማንጎ ጁስ። ሆዮ "ይጎመዝዛል" እያሉ ይጠጡታል፤ የልጅ ነገር ነውና አንድ ቀን እምቢ አላሉም።

በሁለተኛው ወር ሽታው መጣ።

መጀመሪያ ከጓሮ መሰለኝ። ጓሮውን አጠብኩ። ከዚያ ከብርድ ልብሱ መሰለኝ፤ አጠብኩት። አንድ ቀን ጠዋት ሻሻቸውን ሳስተካክል ከራሳቸው ከሆዮ መሆኑን አወቅሁ። የዓሣ ሽታ ነው፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ። በሌላ አገር ቢሆን ሽታ ሽታ ነው ይባላል። ለሆዮ ትውልድ ግን ዓሣ የሚበላው ግመል ያጣ ሰው ነው፤ በቤታቸው ዓሣ ገብቶ አያውቅም። ላብ ላብ ይላቸዋል፤ ሲነሡ ያዞራቸዋል፤ ሆዳቸውም አልተመቻቸውም። ዶክተር ደማቸውንም ሽንታቸውንም አስመረመረ፤ ስኳርም ኩላሊትም ሰላም ነው ተባለ። ግፊታቸው ብቻ ዝቅ ብሏል።

ሆዮ አንዲት የልጅነት ጓደኛ አሏቸው፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ፣ ምላሳቸው ስለታም። ረፋድ ላይ በየቀኑ ይመጡና ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ይተራረቡ ነበር።

"ሒሳብ አስተምረሽ ዕድሜሽን መቁጠር አቃተሽ" ይሏቸዋል ጓደኛቸው።

"አንቺስ ካርታ አስተምረሽ ይህን ቤት ለማግኘት ሦስት ሰው ጠይቀሽ አይደል የምትመጪው?" ይመልሳሉ ሆዮ።

ጓደኛቸው አንድ ቀን የራሳቸውን ሻሽ ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ አየሁ። ሆዮም አዩ። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ሆነ፤ ከዚያ ዓርብ ብቻ፤ ከዚያ ቀረ። ሆዮ በቀን ሦስቴ ይታጠባሉ፤ ሽቶ ይቀባሉ። ወንበራቸውን ከምንጣፉ አንሥተው በሩ ጋ፣ ንፋሱ ወደ ውጭ የሚወስድበት ቦታ አደረጉት። እንግዳ ሲመጣ ከዚያ ሆነው ነው የሚያወሩት፤ ሠርግ ሲጠሩ አሞኛል ይላሉ። ለትልቅ ሰው "ይሸታሉ" አይባልም። ልጃቸው አላለም፤ እኔም አላልኩም። ሰው የሚወዱት እኚያ ሴት በገዛ ቤታቸው ደጅ ጠባቂ ሆኑ።

መልሱ የመጣው ከክፍል ነው። አስተማሪያችን በእንግሊዝኛ ዕቃ ላይ የሚጻፉ ቃላት ስታስተምረን፣ ከምግብ ማሸጊያ ላይ "በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን" እና "ዕቃው ስንት ጊዜ ይበቃል" የሚሉትን አሳየችን። እኔ እቤት ገብቼ የማነበው ያው የሆዮን መደርደሪያ ነው። የዱቄቱን ማሰሮ አዞርኩ። አንድ ጊዜ የሚወሰደው አንድ ግራም ይላል። የሚበቃው አምስት መቶ ጊዜ ይላል።

ቁጭ አልኩ። በቀን አንዴ እየሰጠሁ አምስት መቶ ጊዜ የሚበቃ ዕቃ ከዓመት በላይ መቆየት ነበረበት። እኔ በአራት ወር ተኩል ሦስተኛውን እየጨረስኩ ነው።

ከቁጥሩ ስር ደግሞ "መስፈሪያው ውስጥ አለ" የሚል ተጽፏል። ያኔ ትዝ አለኝ። የመጀመሪያውን ማሰሮ የከፈትኩ ዕለት ዱቄቱ ውስጥ የተቀበረች የአሻንጉሊት የምታክል ነጭ ማንኪያ አግኝቼ ነበር፤ አጠገቧ እርጥበት የምትመጥ፣ የማትበላ ከረጢት ነበረች። ሁለቱንም የማሸጊያ ነገር መስለውኝ ጣልኳቸው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም እንዲሁ አደረግሁ። ማንኪያ ሲባል የማውቀው ወጥ ቤት ያለውን ነው፤ ያውም የሾርባውን፣ ያውም ሞልቼ። ለሆዮ ተብሎ እንዴት ጎድሎ ይሰፈራል?

በዚያን ዕለት ማንኪያውንም ማሰሮውንም በፌስታል አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መድኃኒት ቤቱ ትንሽ ሚዛን ነበረው። ዶክተር ሲያየኝ "ዛሬ ደግሞ ሾርባ ልታበዪኝ ነው?" አለ።

"ይመዝኑልኝ" አልኩት።

ሞልቶ የተሰፈረው አስራ አንድ ግራም መጣ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ወፍራሙን መጽሐፍ አወረደና እኔ ደብተሬን ይዤ ከጎኑ ቆምኩ። ኮሊን ብቻውን አይሸጥም፤ ሁልጊዜ ከሌላ ነገር ጋር ተያይዞ ነው። ቢታርትሬት የሚባለው ከሚጎመዝዝ አሲድ ጋር የታሰረ ጨው ነው፤ ከመቶው አርባ አንዱ ያህል ኮሊን ነው። አባዛሁት፤ አራት ግራም ተኩል። መጽሐፉ ለአዋቂ በቀን ከሦስት ግራም ተኩል አይለፍ ይላል፤ ካለፈ የሚመጣውንም ይዘረዝራል። ላብ፣ የሆድ መረበሽ፣ የግፊት መውረድ፣ እና የሰውነት የዓሣ ሽታ። ዶክተር የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ በጣቱ ተከተላት።

"አንጀት ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ናቸው ወደዚህ ሽታ የሚለውጡት" አለ ቀስ ብሎ። "ሌሲቲን ላይ ያለው እንዲህ አያደርግም፤ ጨዉ ነው።" ከዚያ ማሰሮውን አዞረው። "መስፈሪያ አለው ይላል እኮ። የታለ?"

ዓይኔን ወደ ደብተሬ መለስኩ።

"ፋብሪካው ሳይከተው ቀርቶ ይሆናል" አለ ራሱ። "እነሱ ደግሞ።"

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዝም አልኩ።

ሌሎቹንም ስሌት ሳልሠራ አልወጣሁም። ጠርሙሱ ፊት ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር የኮሊኑ አይደለም፤ የጠቅላላው ነው። ሲቲኮሊን ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊግራም የሚለው ኮሊኑ ወደ ሃምሳ ነው። አልፋ ጂፒሲ ሦስት መቶ የሚለው መቶ ሃያ ገደማ። ያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ እያለ የሚፎክረው የሌሲቲን ካፕሱል ሃምሳ እንኳ መሙላቱን እንጃ።

ዶክተር ደብተሬን ወስዶ አየ። "ግመሉን ከነጭነቱ መዝነው ጭነቱ ይሄ ነው ይሉናል ማለት ነው" አለ። "እኔም ስንት ዓመት ተምሬ ለእህቶቼ ይህን አላልኳቸውም።"

ዓርብ ስልኩ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ ዶክተር እናቱን ጓሮ ድረስ ሸኝቶ ተመለሰና "ዛሬ የምታነብላችሁ እሷ ናት" ብሎ ደብተሬን ሰጠኝ። የእኔ ድምፅ በዚያ ስልክ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሻይ ሳቀርብ የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰሙት። አነበብኩ። አራቱን ጠርሙስ፣ የፊቱን ቁጥር፣ የውስጡን ቁጥር።

"ሃምሳ? ሙሉው ካፕሱል?" አለች የካናዳዋ።

"ሃምሳ። አንድ እንቁላል መቶ ሃምሳ ገደማ አለው" አልኩ።

የለንደኗ ሳቀች። "ያንቺም ሃምሳ ነው" አልኳት፤ ሳቋ ቆመ። የአሜሪካው "ማናት ይቺ?" አለ። ዶክተር "ጠዋት ጠዋት እናትህን የምታበላት" አለው። የዱባዩ ነጋዴ ደግሞ የዱቄቱን ነገር ከዶክተር ሰምቶ "ወላሂ ያንን ፋብሪካ እከሰዋለሁ፣ መስፈሪያ ሳይከቱ!" እያለ ነበር። ፊቴን ደብተሩ ውስጥ ቀበርኩ።

ያ ጉባኤ የወሰነው ይህን ነው። ዱቄቱ ይቁም። ካፕሱል አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን። የትኛው ይሁን በሚለው ሊጣሉ ሲሉ ዶክተር ለማስታወስ ሲባል በትልልቅ ሰዎች ላይ ትንሽ የተሻለ የተሞከረው ሲቲኮሊን ነው፣ እርሱም መጽሐፉ ውስጥ "ምናልባት" ይበዛበታል አለ፤ ስለዚህ የለንደኗ አሸነፈች፣ በምናልባት። የቀረውን እኔ ጨመርኩ። ከሁሉ ምግብ ኮሊን የሚበዛበት ጉበት ነው፤ ሀርጌሳ ደግሞ ጠዋት በላሖሕ፣ በሶማሌ እንጀራ፣ የሚበላው ጉበት ነው። ሆዮ ጥርሴን እያሉ ትተውት ነበር። ደቅቆ እንዲሠራ አደረግሁ። በሻንጣ ከአራት አገር ሲመጣ የነበረው ነገር ከሥጋ ቤቱ እኛ በር ድረስ መቶ እርምጃ ነበር።

ሽታው በሳምንት ውስጥ ጠፋ። ላቡም ማዞሩም። ሆዮ ሲነሡ አይንገዳገዱም፤ ጥያቄ ከሦስቴ ወደ አንዴ ተኩል ወረደ። የሲቲኮሊኑ ነው? የጉበቱ ነው? ወይስ ማዞሩ ሲተዋቸው የነበረው አእምሮ ወደ ቦታው ተመልሶ ነው? ይኸው ነው የማላውቀው። ዶክተር ግን በዚያው ወር የመወልወያውን ጨርቅ ከእጄ ወስዶ የፋርማሲ ረዳቶች ኮርስ አስመዘገበኝ። ሰፈር ሲገባ "እኔ ያላየሁትን ያየች" እያለ ያወራል። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ስለ እኔ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አልሐምዱሊላህ፣ ደስታዬን አልደብቅም፤ መንገድ ላይ ስሄድ ቁመቴ የጨመረ ይመስለኝ ነበር።

ወንበሩ ግን በሩ ጋ ቀረ።

ሆዮ አሁንም በቀን ሦስቴ ይታጠባሉ። እንግዳ ሲመጣ አሁንም ከዚያ ሆነው ነው የሚያወሩት። አንድ ቀን "ለሠርጉ አይሄዱም?" ስላቸው "ሰው አላስቸግርም" አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ሽታው መጥቶ እንደነበር ማንም አልነገራቸውም፤ ስለዚህ መሄዱንም የሚነግራቸው የለም። አፍንጫ የራሱን ቤት አይሸትም። ዶክተርን "ይንገሯቸው" ስለው "ምን ብዬ? እናቴን ትሸቺ ነበር ልበላት?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልጅ አይችልም። ደግሞ ከምን እንደመጣ ሳይነገራቸው ጠፋ ቢባሉ አያምኑም። ከምን እንደመጣ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

አሥራ አንድ ቀን አሰብኩ። ኮርሱን ልከለከል እችላለሁ፤ ከቤትም ልባረር እችላለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቁርሳቸውን አብልቼ ሳበቃ፣ ወንበራቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

"ሆዮ፣ ዓሣ ዓሣ ይሉ ነበር" አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። እጃቸው ሻሻቸው ላይ ሄደ። "አውቃለሁ" አሉ።

"አሁን የለም። ከጠፋ ቆየ። ያመጣሁትም እኔ ነኝ።"

ከመጀመሪያው ማሰሮ ጀምሬ ነገርኳቸው። ትንሿን ማንኪያ መጣሌን፣ የሾርባውን፣ ሚዛኑን፣ ፋብሪካው ሲወቀስ ዝም ማለቴን። አላቋረጡኝም።

"በቀን ስንት ግራም አልሽ?"

"አስራ አንድ።"

"ስንት ቀን?"

"መቶ ሠላሳ ገደማ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። "አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ሠላሳ" አሉ። በደብተሬ ካሰላሁት አንዲት ግራም አልሳቱም። "ይህን ሁሉ እኔ ጠጣሁት?"

"ጠጡት።"

"አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ሰው ሊሞት ሲል እንዲህ ይሆናል ብዬ ኑዛዜዬን ጨርሻለሁ።" ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ተነሣሁ፤ ሳቅ ነበር። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "በሾርባ ማንኪያ! ያውም ሞልታ!"

"ይቅር ይበሉኝ። ለዶክተርም ዛሬውኑ እነግረዋለሁ።"

"እሱን ተዪልኝ። 'አንድ ማንኪያ' ብሎ ትቶሽ የሄደው ማን ሆነና? የማታውቂውን ማንኪያ ሳያሳይ የሚያዝ አስተማሪ ቢኖረኝ ክፍል አላስገባውም ነበር። አንቺ ኮርስሽን ጨርሺ።" ሳቁ እንደገና መጣባቸው። "አሁን ስልኩን አምጪ።"

አመጣሁ። የጓደኛቸውን ቁጥር ከደብተር ሳያዩ ነገሩኝ፤ እኔ ደወልኩ። ሲነሣ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

"ዓሣው ተሸጦ አልቋል" አሉ። "ሦስት ሰው ጠይቀሽም ቢሆን ነይ።"

ከወዲያ በኩል የተመለሰውን አልሰማሁም። ሆዮ ግን ስልኩን ሳይዘጉ በግራ እጃቸው ተደግፈው ከወንበሩ ተነሡና ወንበሩን ወደ ውስጥ እንድወስደው በአገጫቸው ምልክት ሰጡኝ።